አምና የፈራኸው ገንዘብ የዘንድሮን ግብር ይከፍላል

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ በመስከረም 2017 መጀመሪያ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለኝ። ዴስክ፣ መደርደሪያ፣ የቢሮ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ደንበኞቼ በብዛት መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ናቸው። በግሌ ነው የምሠራው፤ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ። የ2016 ሒሳቤን የሚሠራልኝ ልጅ ባለፈው ሳምንት ጠርቶ 36 ሺህ ብር እንደምከፍል ነገረኝ። ባንክ ያለኝ 10 ሺህ አይሞላም። ሰኔ ላይ ያስረከብኩት የ240 ሺህ ብር ዴስክ እስካሁን አልተከፈለኝም። ብር እንደሌለኝ ስነግረው ‹ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ፣ ወጪ እንጨምርና ጭራሽ ተመላሽ አስወጣልሃለሁ› አለኝ። አምና 19,100 ብር ተመላሽ ነበረኝ። ‹ከጠየቅህ ኦዲት ይገባብሃል› ስላለኝ ተውኩት። አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ቆርጦብኝ ደረሰኙን አልሰጠኝም። ባለቤቴ አራስ ናት፣ የልጁ ክርስትናም ደርሷል። ብሩን እስካገኝ ማሳወቁን ባቆየው ይሻላል? ወይስ እሱ እንዳለው ላድርግ? የሳቢያኑ አናጢ።»

ወንድሜ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ። አራስ ቤት ተቀምጠህ፣ ክርስትና ደርሶብህ፣ ኪስህ ባዶ ሆኖ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ፣ ዝርዝሩ ከዚያ ይመጣል። ደረሰኝ አትግዛ። ማሳወቁን አታቆይ። ደግሞ 36 ሺህ ብር የለብህም።

አዎ፣ የለብህም። ከደብዳቤው ጋር የላክኸውን የሒሳብ ወረቀት ሁለቴ አየሁት። ሒሳብ የሚሠራልህ ልጅ ድምር አልተሳሳተም። ግን እጁ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ብቻ ደምሮ ጨረሰ፤ የጎደሉትን አልፈለገም።

ከላይ እንጀምር። የ2016 ሽያጭህ ከቫት በፊት 3 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር ነው። ወጪው ሁሉ ሲነሳ 260 ሺህ ብር ትርፍ ቀርቷል። እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴ 260 ሺህን በ35 በመቶ ይመታና 91 ሺህ ሲያይ ያልበዋል። እንደዚያ አይደለም የሚታሰበው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግለሰብ ነጋዴ ለ2016 የሚከፍለው በእርከን ነበር፤ የመጀመሪያው 7,200 ብር አይነካም ነበር፣ ከዚያ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣ ነበር፣ 35 በመቶው የሚያርፈው ከ130,800 ብር በላይ ባለው ላይ ብቻ ነበር። በአቋራጭ ለማስላት ሙሉውን በ35 በመቶ ትመታና 18 ሺህ ትቀንሳለህ። ከ91 ሺህ ላይ 18 ሺህ ሲነሳ 73 ሺህ ብር። የዓመቱ ግብርህ ይሄ ነው።

አሁን ከ73 ሺህ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሲቆረጥብህ የከረመው ይነሳል። በ2016 መሥሪያ ቤቶቹ ካንተ ከ10 ሺህ ብር በላይ ዕቃ ሲገዙ፣ ወይም ከ3 ሺህ ብር በላይ አገልግሎት ሲያገኙ፣ ከክፍያህ ላይ 2 በመቶ ይይዙ ነበር። ሰው ይህን ገንዘብ እንደ ጠፋ ገንዘብ ነው የሚያየው። «ቆረጡብኝ» ይልና ይረሳዋል። ያንተው ግብር እኮ ነው፣ ቀድሞ ተከፍሎልሃል። ዓመቱ ሲያልቅ ከጠቅላላው ግብር ላይ ይቀነሳል፣ ከበለጠም ይመለሳል። እያንዳንዷ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ማለት ጥሬ ብር ናት። እኔ ድሬ ውስጥ በቅርብ የማውቃቸው ነጋዴዎች ግማሾቹ እነዚህን ደረሰኞች መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ሱቅ ባንኮኒ ሥር፣ አንዳንዴም የልጆች ደብተር መሐል ነው የሚያስቀምጧቸው፤ ያንኑ ገንዘብ በብር ቢሰጧቸው ኖሮ እንደዚያ አድርገው አይጥሉትም ነበር።

ያንተን እንይ። በ2016 መሥሪያ ቤቶች በጠቅላላ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ከፍለውሃል። 2 በመቶው 58 ሺህ ነው። በእጅህ ያለው ደረሰኝ ሲደመር ግን 37 ሺህ ብቻ። ከ73 ሺህ ላይ 37 ሺህ ሲቀነስ 36 ሺህ፤ የልጁ ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው። የጎደለው 21 ሺህ ብር ያ ደረሰኝ ያልሰጠህ መሥሪያ ቤት ጋ ነው ያለው። 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ከፍሎሃል፣ የዚያ 2 በመቶ ልክ 21 ሺህ ይመጣል። ደረሰኞቹን ካገኘህ የሚቀርብህ 15 ሺህ ብር ነው።

ስለዚህ ነገ የመጀመሪያ ሥራህ ወደዚያ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ መሄድ ነው። በጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት ድሬ እንዴት እንደምትሆን አንተ ታውቃለህ፣ ሙቀቱም አለ፣ ሰውም አይገኝም። ባዶ እጅህን አትሂድ። የግዥ ውሉን፣ ዕቃውን ሲረከቡ የሰጡህን ሞዴል 19፣ የቆረጥክላቸውን የሽያጭ ደረሰኝ፣ ብሩ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ኮፒ አድርገህ ያዝ። ስቴትመንቱ ላይ የገባው ብር ከደረሰኝህ ማነሱ ራሱ ምስክር ነው። ደረሰኙ ተቆርጦ ፋይል ውስጥ ተረስቶ ከሆነ በዚያው ቀን ይሰጡሃል፤ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ጠፍቶ ከሆነ የተረጋገጠ ኮፒ ወይም ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጠይቅ፤ ደብዳቤው ላይ ያንተ ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር)፣ የተከፈለህ መጠን፣ የተቆረጠው መጠንና ቀኑ ይኑር። «ነገ ና» ካሉህ ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገህ መዝገብ ቤት አስገባ፣ በግልባጩ ላይ አስፈርም። ቆርጠው ወደ ገቢዎች ሳያስገቡ ቀርተው ከሆነም በሕግ ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው። ያንን ለገቢዎች በግልጽ ተናገር። ሰው ላለማስቀየም ብለህ 21 ሺህ ብር አትዋጥ፣ ያውም አራስ ቤት እያለህ።

አሁን ወደ አምናው እንምጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህን ሳነብ ያንገበገበኝ ይሄኛው ነው።

በ2015 ትርፍህ 134 ሺህ ነበር። በ35 በመቶ ስትመታው 46,900፣ 18 ሺህ ሲነሳ 28,900 ብር ግብር። የተቆረጠብህ 48 ሺህ። በትርፍ የተከፈለው 19,100 ብር፤ ለገቢዎች ባስገባኸው የግብር ማስታወቂያ ቅጽ ላይም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እና ይህን ገንዘብ «ኦዲት ይመጣል» ተብለህ ተውከው።

የታክስ አስተዳደር አዋጁ 983/2008 ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ግልጽ ነው። ቀድሞ የተከፈለው ከዓመቱ ግብር ከበለጠ፣ ባለሥልጣኑ፣ ማለትም ገቢዎች፣ መጀመሪያ ሌላ ያልተከፈለ ግብር ካለብህ ለዚያ ያውለዋል፣ የቀረውን ማስታወቂያው ከገባ በ90 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ከዘገየ ወለድ ያስባል። አንተ በጽሑፍ ከተስማማህ ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ግብር መያዣ ሆኖ ሊዛወር ይችላል። ይህችን የመጨረሻዋን ነው አንተ የምትፈልጋት። በትርፍ የተከፈለ ግብር ለመጠየቅ አዋጁ የሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ስለሆነ አላለፈብህም።

እስቲ አስላው። ዘንድሮ የሚቀርብህ 15 ሺህ፣ አምና የተውከው 19,100። ተቀናንሶ 4,100 ብር ትተርፋለህ። ልጁ 36 ሺህ ክፈል ያለህ ሰው፣ ምንም የሐሰት ወረቀት ሳትነካ፣ ያንተው ገንዘብ ብቻ ተሰብስቦ፣ ከፋይ መሆንህ ቀርቶ ባለገንዘብ ሆንክ ማለት ነው።

ጥሬ ብሩን በእጄ ላምጣው ብለህ እንደምታስብ ይገባኛል፣ ክርስትናም አለብህ። ግን ምክሬ ወደ ዘንድሮው አዛውረው ነው። በወረቀት ላይ 90 ቀን ቢባልም ተመላሽ በተግባር ይጓተታል፣ መመላለስ አለው። ሒሳብ ማቀናነስ ግን በዚያው ማስታወቂያ ላይ ያልቃል። ገቢዎች ስትሄድ በመጀመሪያ የግብር ሒሳብህን መግለጫ አስወጣ፤ 19,100 ብሩ በስምህ በትርፍ መመዝገቡን በዓይንህ እይ። ካልተመዘገበ የአምናውን ማስታወቂያና ደረሰኞቹን ይዘህ አስመዝግብ። ከዚያ አንዲት አጭር ማመልከቻ ጻፍ፦ በ2015 በብልጫ የተከፈለው ይህን ያህል ብር ለ2016 ግብሬ እንዲታሰብልኝ ተስማምቼ አመለክታለሁ፣ ብቻ።

ኦዲቱስ? አልዋሽህም፣ ተመላሽ የጠየቀ ሰው ወረቀት ይታያል። ማንም ቢሆን ብር ከማውጣቱ በፊት ያያል፣ አንተም ብትሆን ታያለህ። ግን ካልጠየቅህ ኦዲት አይመጣም ያለህ ማነው? ባለሥልጣኑ የ5 ዓመት ወደኋላ ሄዶ የማየት ሥልጣን አለው፣ ማጭበርበር ካለ ደግሞ ጊዜ አይገድበውም። ዝም ስላልክ አትደበቅም። ዝም ያልከው ገንዘብ ብቻ ነው የሚቀርብህ። መዝገብህ ንጹሕ ከሆነ ኦዲት ማለት አንድ ባለሙያ መጥቶ ወረቀት ሲጠይቅህ ወረቀት መስጠት ነው። በውሳኔው ካልተስማማህም ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታ ታስገባለህ። እነዚያ 21 ቀኖች ግን ካለፉ ያስለቅሳሉ፣ የትኛውም ደብዳቤ ከገቢዎች ሲመጣ የተቀበልክበትን ቀን ጥግ ላይ ጻፍ።

ስለ ደረሰኝ ግዢው። ልጁን ስሙን ማጥፋት አልፈልግም፣ ምናልባት እረዳዋለሁ ብሎ ይሆናል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር በከተማችን እንደ ቀላል ዘዴ ሲወራ እሰማለሁ። ግን ምን እንደጠየቀህ በቁጥር እይው። 36 ሺህ ብር ግብር ዜሮ ለማድረግ ወደ 103 ሺህ ብር የሚጠጋ የሐሰት ወጪ መግባት አለበት። ተመላሽ ለማስወጣት ከዚያም በላይ። 103 ሺህ ብር እንጨት ገዛሁ ትላለህ፤ እንጨቱ የት አለ? የቱ ዴስክ ላይ ዋለ? ብሩ ከየትኛው አካውንት ወጣ? በዚያ ላይ ደረሰኝ ሻጩ ላንተ ብቻ አይሸጥም። ገቢዎች ሚኒስቴር ያለ ግብይት ደረሰኝ የሚያሠራጩ ድርጅቶችን ስም ዝርዝር በተለያየ ጊዜ ይፋ አድርጓል። የሻጩ ስም በወጣ ቀን በእሱ ቲን የተመዘገበ ወጪ ሁሉ ይፈተሻል፣ ያንተም ፋይል አብሮ ይነሳል። ያኔ ወጪው ይሰረዝብሃል፣ ግብሩ ይመለስብሃል፣ ግብር አሳንሶ በማሳወቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎደለው 10 በመቶ፣ ሲደገም 30፣ ከዚያ በኋላ 40 በመቶ ቅጣት አለ፣ ዘግይቶ የመክፈሉ ቅጣትና ወለዱ ሳይቆጠር። ከሁሉም የሚከፋው ግን የገንዘቡ አይደለም። በሐሰተኛ ደረሰኝ መጠቀም በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚፈርመው ልጁ አይደለም፣ አንተ ነህ። ፖሊስ ጣቢያ የሚጠራው ያንተ ስም ነው፤ አራሷ ስንቅ ይዛ የምትመላለሰው ላንተ ነው።

ይሄን ሁሉ ለማታውቀው ሰው የጻፍኩት ልቆጣህ ብዬ አይደለም። ጠይቀኸኛል፣ ጥያቄህ ራሱ ልብህ እንዳልፈቀደው ይናገራል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ባይሳካስ? ያ መሥሪያ ቤት ደረሰኙን እስከ ጥቅምት 30 ባይሰጥህ፣ የአምናውም ብር ቶሎ ባይመዘገብልህስ? ያኔም ቢሆን በሰዓቱ አሳውቅ። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በራሴ ስለደረሰ ነው።

በ2010 ታይዋን ገበያ የጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። ግብሬ ተሰልቶ 40 ሺህ ብር መጣ። ብር አልነበረኝም። ያኔ ሒሳቤን የሚሠራልኝ ሰው «ብር ሳትይዢ ከሄድሽ ያዋርዱሻል፣ ስታገኚ ትሄጃለሽ» አለኝ። አመንኩት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከገቢዎች ሠራተኛ ጋር መንገድ ላይ ስገናኝ እንኳ መንገድ እየቀየርኩ ከረምኩ። ስሄድ ሁለት ቅጣት ጠበቀኝ። አንደኛው ባለመክፈሌ፤ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ፣ በጠቅላላው 5,200 ብር። ሁለተኛው ባለማሳወቄ፤ እሱ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፣ እኔ ላይም ደርሶ 10 ሺህ ብር ሆነ። ወለዱ ለብቻው። ያቺን አንዲት ወረቀት በሰዓቷ አስገብቼ ቢሆን ኖሮ 10 ሺህ ብሩ አይነካኝም ነበር። ወረቀቷን ለማስገባት ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም ነበር። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ማሳወቅና መክፈል ሁለት ሥራ መሆናቸውን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ላንተ፦ ገንዘብ ባይኖርህም ማስታወቂያህን አስገባ። ለክፍያው ደግሞ በዚያው ቀን የጊዜ ማራዘሚያ ማመልከቻ አስገባ። አዋጁ በቂ ምክንያት ያለው ግብር ከፋይ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት ወይም በየወሩ እየከፋፈለ እንዲከፍል በጽሑፍ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አንተ በቂ ምክንያት አለህ፤ ሰኔ ላይ ያስረከብክበትን ሞዴል 19 አያይዘህ «240 ሺህ ብር መንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ አለኝ፣ ሲከፈለኝ እከፍላለሁ» በላቸው። ውሸት የለበትም፣ ወረቀት አለበት። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ከተፈቀደልህ በኋላ አንድ ወር ብትዘልል ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፈል ይባላል። ስለዚህ የምትችለውን ልክ ተናገር። በወር 5 ሺህ የምትችል ከሆነ 5 ሺህ በል፣ ለመታየት ብለህ 10 ሺህ አትበል። ወለዱ በዚህ መሐል ይቆጠራል፤ ከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ወለድ 15 በመቶ ታክሎበት ነው የሚታሰበው፣ ቀላል አይደለም፣ ቶሎ ውጣው።

በነገራችን ላይ ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ ለ2016 ግብር ጥቅምት 30 የደረጃ ሀ ነበር። የደረጃ ለ ጊዜ ጳጉሜን መጨረሻ ላይ አልቋል፣ የያኔው ደረጃ ሐ ደግሞ ሐምሌ 30። ያለፈባችሁ ካላችሁ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂዱ። ሐረር ያላችሁ ደግሞ የክልሉን አዋጅ ተመልከቱ፤ እኛ ድሬዎች ከተማችን ተጠሪነቷ ለፌዴራል ስለሆነ ቀጥታ የፌዴራሉን ነው የምንይዘው።

ወደ አናጢው ልመለስ። ማስታወቂያውን ከመፈረምህ በፊት ከልጁ ጋር አንድ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው የቫቱ ነገር ነው። የ12 ወር የቫት ሪፖርትህን ሽያጭ ደምረው፤ ከ3 ሚሊዮን 300 ሺህ ጋር መግጠም አለበት። ኦዲተር መጀመሪያ የሚያመሳክረው ይሄንን ነው፣ ልዩነት ካለ ምክንያቱን አሁኑኑ እወቀው። የሰኔው 240 ሺህ ሽያጭ ውስጥ ገብቶ ሰኔ ቫት ላይ ሳይገባ ቀርቶ እንዳይሆን።

ሁለተኛው ያልተያዘ እውነተኛ ወጪ ነው። ልጁ የሐሰት ወጪ ከመፈለጉ በፊት የእውነቱን ጨርሷል ወይ? አምና የገዛኸው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን እርጅና (በየዓመቱ ከዋጋው የሚቀነሰው) ተይዟል? ብየዳውስ? የባንክ ብድር ካለህ ወለዱ ገብቷል? የሥራ ቤቱ ኪራይ በደረሰኝ ነው ወይስ በቃል? ለሠራተኞቹ የምትከፍለው አሠሪ ጡረታ፣ 11 በመቶው፣ ወጪ ላይ አለ? ወረቀትህ ላይ «ደመወዝ» የሚል አለ፣ ጡረታ የሚል ግን አላየሁም፤ ከፍለህ ከሆነ መብትህ ነው፣ አስገባው። ካልከፈልክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ለብቻ ጻፍልኝ። በሌላ በኩል ለቤት ያወጣኸው፣ ለክርስትናው የምታወጣው፣ ዕቁብ፣ ለራስህ «ደመወዝ» ብለህ ያነሳኸው ወጪ አይሆንም። እዚያ ላይ አትታገል።

እያንዳንዱ እውነተኛ ወጪ 100 ብር በገባ ቁጥር ግብርህ በ35 ብር ይቀንሳል፣ ማንም ሊሰርዘው አይችልም፣ ማታም እንቅልፍ ትተኛለህ። ወረቀቶቹን በሙሉ ለዓመታት አስቀምጥ። ካርቶን ግዛ፣ ላዩ ላይ «2016» ብለህ በወፍራም ፓይለት ጻፍ፣ የዊዝሆልዲንጎቹን በተለየ ፖስታ። ድሬ ምስጥ እንዳላት አትርሳ፣ ካርቶኑ መሬት ላይ አይቀመጥ። ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይም ያዝ፤ የሙቀት ወረቀት ደረሰኝ በኛ አየር በአንድ ክረምት ነጭ ይሆናል።

የንግድ ፈቃድ እድሳቱም እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፣ እሱ ደግሞ ከገቢዎች ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለብህ የሚያሳይ ወረቀት፣ ይፈልጋል። ለዚህም ነው ጥቅምትን አትለፋት የምልህ። ፈቃድ ያልታደሰለት ሰው ጨረታ አይገባም፣ አንተ ደግሞ ኑሮህ ጨረታ ነው።

ልጁን አባርረው ወይስ አቆየው ብለህ አልጠየቅኸኝም፣ ግን በልብህ እንዳለ ገምቻለሁ። አንድ ጊዜ አነጋግረው። «ደረሰኝ አልገዛም፣ የጎደሉትን ዊዝሆልዲንጎች አብረን እንፈልግ፣ የአምናውን ወደ ዘንድሮ እናዛውር» በለው። እሺ ብሎ ከተነሳ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ መንገዱን የሚያሳየው አላገኘም ማለት ነው። ከተከራከረህ ግን መዝገብህን ተረከብና ሌላ ፈልግ።

የሰኔው 240 ሺህ ሲለቀቅ ደግሞ ከላዩ ላይ 4,800 ብር እንደሚቆረጥ ካሁኑ እወቅ። ቼኩን ሲሰጡህ ደስ ብሎህ ሮጠህ አትውጣ። እዚያው መስኮቱ ጋ ቁምና ዊዝሆልዲንጌስ በላቸው።